የሚለበስ የሕክምና ኤሌክትሮኒክስ አንገቱ ላይ ነው የሚበጠሰው

ፒያሳ ካሉት የስልክ ጥገና ቤቶች ባንዱ ደጃፍ ጥቂት ደቂቃ ቆም ብላችሁ የሚመጡትን የቻርጀር ገመዶች ተመልከቱ። መሃሉ ላይ የተበጠሰ እምብዛም አይገኝም። የሚሄደው አንገቱ ነው፤ ለስላሳው ገመድ ጠንካራው ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባበት ቦታ። ባለቤቱ በፕላስተር የጠቀለለውም እዚያው ላይ ነው።

ሰውነት ላይ የሚለጠፍና የሚለበስ የሕክምና ኤሌክትሮኒክስም እንደዚያው ነው። ደረት ላይ ተለጥፎ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት) የሚያነብ፣ እጅ ላይ ታስሮ የደም ኦክስጅን የሚለካ፣ ከልብስ ጋር ተሰፍቶ አተነፋፈስ የሚቆጥር መሣሪያ ሥራ ሲያቆም ጥፋቱ የቺፑ የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚበላሸው ጠባያቸው የማይገጥም ሁለት ነገሮች የተጋጠሙበት ቦታ ነው፦ ቆዳና ኤሌክትሮድ (ምልክቱን ከቆዳ የሚቀበለው ንጣፍ)፣ ክርና ብረት፣ ለስላሳ ሲሊኮንና ደረቅ የሰርኪዩት ቦርድ፣ በባትሪ የሚሠራ ዕቃና ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት። አምስት ኪሎም ሆነ ሌላ ቦታ ለመመረቂያ ሥራ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመሥራት የሚነሳ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከቺፑ ይጀምራል፤ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ ስልክ ላይ የሚታየውን ገጽ ያሳምራል፤ ቆዳው የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የምለው ተገላቢጦሹን ነው። ከቆዳ ጀምሩና ወደ ውጭ ውጡ።

ኢሲጂ ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው። ቆዳ ሲለጠጥ ራሱ የሚፈጥረው የቮልቴጅ ለውጥ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የላይኛው የሞተ የቆዳ ሽፋን ደረቅ ከሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ ትንሽ ፈተግ ተደርጎ በጄል ሲርስ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የአዲስ አበባ አየር ደርቆ ቆዳ ሲነጣ በግዴለሽነት የተለጠፈ ኤሌክትሮድ የሚያሳየው ጩኸት፣ ማለትም የተዝረከረከ ምልክት ብቻ ነው። ሰዉ ደግሞ ይህንኑ ድርቀት ፈርቶ ጠዋት ታጥቦ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ለቆዳው ደግ ነው፤ ለኤሌክትሮዱ ግን ግድግዳ ነው። ስለዚህ የሚለካውን ሰው መጀመሪያ የምትጠይቁት «ዛሬ ደረትዎን ምን ተቀብተዋል?» ብላችሁ ነው።

ከዚያ ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። አልኮል ብቻውን አይበቃም፤ ቅባቱን ቢያነሳም ቆዳውን የባሰ ያደርቀዋል። ፀጉር ካለ በማሽን አሳጥሩት፤ ምላጭ ቆዳውን ስለሚያቆስል አይመከርም። በሸካራ ፎጣ አድርቃችሁ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አሻሹ። ሕፃን፣ አዛውንት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ ማሻሸቱን ተዉት። ኤሌክትሮዱን ለጥፋችሁ 5 ደቂቃ ታገሡ። ጄሉ ሽፋኑ ውስጥ እስኪሰርግ ድረስ መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋልላል፤ በዚህች 5 ደቂቃ ውስጥ ተስፋ ቆርጦ ደህናውን ሰርኪዩት የፈታታ ሰው ብዙ ነው። የብርና የብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ጄሉ መድረቅ ይጀምራል። አፉን አጥፋችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ ጄሉ በጣት ሲነካ የማይቀዘቅዝና የማይጣበቅ ከሆነ ጣሉት። የቆዳውን ተቃውሞ በተራ መልቲሜትር ለመለካት አትሞክሩ። መልቲሜትሩ የሚልከው ቀጥተኛ ጅረት ኤሌክትሮዱ ላይ ቻርጅ እያከማቸ ስለሚያፖላራይዘው ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይሸሻል። 10 ኸርዝ አካባቢ ባለ (በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ በሚመላለስ) ተለዋዋጭ ጅረት ነው የሚለካው።

አቀማመጡም ለውጥ አለው። ጡንቻ ላይ ያረፈ ኤሌክትሮድ ክንድ በተነሳ ቁጥር የጡንቻውን ምልክት ይቀላቅላል። ከቀኝና ከግራ አንገት አጥንት ሥር አንዳንድ፣ ሦስተኛውን የቀኙ የጎድን አጥንት ታችኛው ጫፍ ላይ አድርጉ።

አሁን ወደ ቺፑ እንምጣ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ተማሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ኤዲ 8232 ከ2 እስከ 3.5 ቮልት ይሠራል፤ የሚበላው 170 ማይክሮ አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ቺፑ ተገጥሞበት በሚሸጠው የተለመደ ቀይ ቦርድ ላይ ጠቅላላ ማጉሊያው 1,100 እጥፍ ስለሆነ 1 ሚሊ ቮልት 1.1 ቮልት ሆኖ ይወጣል። በ3.3 ቮልት ሲሠራ መነሻ መስመሩ 1.65 ቮልት ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ከ1.5 ሚሊ ቮልት ብዙም ያልበለጠ መዋለል መስመሩን ጣሪያ ያስነካዋል። ሰውየው ሲራመድ ኢሲጂው ጠፍጣፋ መስመር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቆዳው እንዳይለጠጥ ማድረግ ነው፦ ሽቦውን ከኤሌክትሮዱ 3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዙር ሠርታችሁ በፕላስተር ቆዳው ላይ አስሩት፤ ሽቦው ሲጎተት ዙሩ ይፈታል እንጂ ኤሌክትሮዱ አይነቃነቅም።

ይህ ቦርድ ከ0.5 እስከ 40 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። ለልብ ምትና ለምቱ ቅደም ተከተል ይበቃል። የልብ ድካም አለ ወይስ የለም፣ የልብ ሥር ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም ለሚል ውሳኔ ግን አይሆንም። ሐኪም የሚመለከተው ኤስቲ የሚባለው የሞገዱ ክፍል ዝቅተኛው ድንበር 0.5 ኸርዝ ሲሆን ቅርጹ ይዛባል፤ ለምርመራ የሚያገለግል ኢሲጂ ከ0.05 ኸርዝ ይጀምራል። ይህን ልዩነት መሣሪያው ላይ በግልጽ ያልጻፈ ሰው ያለ ሐሳቡ ሌላውን ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለዘብ ማለት አልችልም።

የ50 ኸርዝ ጩኸት በየግድግዳው ውስጥ ካለው የመብራት መስመር ይመጣል። ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ሶፍትዌር ማጣሪያ ይሮጣል። መጀመሪያ ሽቦዎቹን አሳጥሩ፣ እርስ በርሳቸው አጠላልፉ፣ ሦስተኛው ኤሌክትሮድ በደንብ መያዙን አረጋግጡ። አንዱ ኤሌክትሮድ ከሌላው ይልቅ ደካማ ሆኖ ሲይዝ ነው 50 ኸርዙ የሚገባው፤ ማጣሪያው ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ ደካማውን ኤሌክትሮድ አያድነውም።

ወደ ተጣጣፊነት ስንመጣ አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ሁልጊዜ በእጅ ይያዝ። አንድ ስስ ፊልም ሲታጠፍ ውጫዊ ገጹ የሚለጠጠው የውፍረቱን ያህል ለማጠፊያው ራዲየስ ሁለት እጥፍ ተካፍሎ ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በ5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ቢታጠፍ 0.1 ለ10፣ ማለትም 1 በመቶ ይለጠጣል። ያው ፊልም 0.05 ቢሆን ግማሽ በመቶ ይሆናል። መዳብ አንድ ጊዜ 1 በመቶ ቢለጠጥ ምንም አይልም፤ በየትንፋሹ ግን በቀን ሃያ ሺህ ጊዜ ያህል ቢደጋገምበት ይሰነጠቃል። በግርድፉ፣ ለአንዴ የሚታጠፍ ባለ አንድ ሽፋን ፍሌክስ (ተጣጣፊ ቦርድ) ራዲየሱ የውፍረቱን 10 እጥፍ፣ ዘወትር የሚታጠፍ ደግሞ 100 እጥፍ ይሁን። ስልክ ጠጋኞች ፍሌክስ የሚሉት ያ ቡናማ ስስ ነገር ፖሊኢማይድ ነው፤ የሶልደር (የቆርቆሮ ብየዳ) ሙቀት ይችላል። ፔት የሚባለው ግልጹ ፕላስቲክ ግን ገና በ80 ዲግሪ ስለሚለሰልስ ሶልደር አይነካውም፤ በሚያስተላልፍ ሙጫ ነው የሚያያዘው። ፖሊኢማይድ እርጥበት ይጠጣል። በክረምት ዝም ብሎ የተቀመጠ ፍሌክስ በቀጥታ ሶልደር ሲነካው ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ሽፋኑን እንደ ቃጠሎ ያቋጥረዋል። አስቀድሞ በ120 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት ማድረቅ ይበጃል።

ፍሌክስ ይታጠፋል እንጂ አይለጠጥም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የመገጣጠሚያ አካባቢ ቆዳ እስከ 30 በመቶ ይለጠጣል። ለዚህ ነው መስመሩ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሠራው። ነጠላው ቀጥ ያለ ሽቦ የማይችለውን ጥምዝምዙ እየተፈታ ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሮጀርስና ባልደረቦቹ ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ቆዳ መሰል ኤሌክትሮኒክስ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጃፓን ውስጥ የታካኦ ሶሜያ ቡድን ከቆዳ ላይ አየርና ላብ የሚያሳልፍ የወርቅ መረብ አሳየ። የኖርማን ሆልተር የመጀመሪያው ተሸካሚ የልብ መቅረጫ ጀርባ ላይ የሚታዘልና 38 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን እንደነበር ስናስብ መንገዱ ረጅም ነው።

እዚህ አገር ወርቅ በቫኩም መርጨት ለሁሉም አይገኝም። ሸማኔ ግን አለ። ብር የተቀባ የናይሎን ክር ማግ ሆኖ በጥጥ ድር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ እንደ ጥለት ባንድ በኩል ብቻ ቢሠራ ቆዳ የሚነካው ገጽ ሰፊ ይሆናል። ለመለጠጥ ደግሞ ክሩን በስፌት ማሽን በዚግዛግ በሚለጠጥ ጨርቅ ላይ መስፋት ይሻላል። ክሩን ሶልደር ለማድረግ አትሞክሩ፤ ናይሎኑ ይቀልጣል። ልብስ ሰፊዎች ጂንስ ላይ የሚመቱት ተጫኝ የብረት ቁልፍ ክሩን በሁለት ሦስት ዙር ነክሶ ይይዘዋል። አብዛኛው ቁልፍ ግን ኒኬል የተቀባ ስለሆነ ከቆዳው ተቃራኒ በኩል ይሁን፤ ኒኬል የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ። ብሩ በላብና በመታጠብ እያለቀ ስለሚሄድ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ተቃውሞ መዝግቡ፤ ሁለት እጥፍ ሲሆን ቀይሩት።

አንገቱን አሁን ቀረብ ብለን እንየው። ብዙ ቀጫጭን ዘርፍ ያለው ሽቦ ሶልደር ሲደረግ የቀለጠው ሶልደር በዘርፎቹ መካከል እንደ ዘይት በክር ወደ ላይ ይሳባል። ከላይ ሲታይ ብየዳው ንጹሕ ነው። በጣታችሁ ሽቦውን ስታጥፉት ግን ከቦርዱ አጠገብ ያለው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር እንደ ምስማር ደርቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ልቡ ይተጣጠፋል። የሚቆረጠው በትክክል የደረቀው ባበቃበት መስመር ላይ ነው፤ ሽፋኑ ሳይነካ ውስጡ ብቻ ስለሚበጠስ ከውጭ አይታይም። ምልክቱ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ስታዩ መጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ በጥፍር ጫን በሉ። መከላከያው ሦስት ነው፦ ሙቀቱ ከ2 ሰከንድ አይበልጥ፤ ከተበየደው በኋላ ሽቦው ቦርዱ ላይ ራሱ በክር ይታሰር፤ አንገቱ ላይ ለስላሳ ሲሊኮን ከወፍራም ወደ ቀጭን እየሳሳ ይፍሰስበት፤ ጥንካሬው በአንድ ቦታ ድንገት እንዳይቀየር። በፍሌክስም ላይ ማጠንከሪያው የሚያልቅበትና መሸፈኛው የሚያልቅበት ጠርዝ አንድ መስመር ላይ አይዋል።

ሲሊኮን ሲባል ብዙው ሰው መርካቶ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የሚያገኘውን፣ ለመስታወት ማጣበቂያ የሚሆነውን ቱቦ ያነሳል። ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ተዉት። ሽታው ሲደርቅ የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው፤ መዳቡን በጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ያደርገዋል። ለቆዳ የሚሆነው በፕላቲነም የሚጠነክር ባለ ሁለት ፈሳሽ ሲሊኮን ነው። ሲልጋርድ 184 በክብደት 10 ለ1 ይቀላቀላል፤ በ100 ዲግሪ በ35 ደቂቃ፣ በ25 ዲግሪ በ48 ሰዓት ይጠነክራል። የአዲስ አበባ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ25 በታች ስለሆነ በሁለት ቀን ገና ሊጣበቅ ይችላል፤ ጨምሩበት። ኢኮፍሌክስ 00-30 ደግሞ 1 ለ1 ሆኖ በ23 ዲግሪ በ4 ሰዓት ይደርሳል፤ ከሲልጋርድም በጣም ይለሰልሳል። ሁለቱም የላቴክስ ጓንት፣ ድኝ ያለበት ሸክላና የሶልደር ፍላክስ (የብየዳ ማጽጃ ቅባት) ቅሪት ሲነካቸው እዚያ ቦታ ላይ አይጠነክሩም። ስለዚህ ቦርዱ በአይሶፕሮፒል አልኮል በብሩሽ ታጥቦ ይድረቅ፤ ጓንቱም ናይትራይል ይሁን።

አየር ማውጣት ያስፈልጋል። የእንጀራ ሊጥ ዓይን ሲያወጣ ደስ ይላል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ዓይን ላብ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ቫኩም ከሌለ ከፍ ካለ ቦታ እንደ ክር እያቀጠናችሁ አፍስሱት፣ ግማሽ ሰዓትም ተዉት። ሊታወቅ የሚገባው ግን ሲሊኮን ውሃ ቢከለክልም የውሃ እንፋሎትን ያሳልፋል። የሚያድነው ውፍረቱ ሳይሆን ምንም ክፍተት ሳይተው ቦርዱ ላይ መጣበቁ ነው፤ እንፋሎቱ ወደ ውሃ የሚለወጥበት ባዶ ቦታ ካጣ ጉዳት አያመጣም። ቦርዱ በምድጃ ሲሞቅ ባትሪው አብሮ አይግባ፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚገጠመው።

የኦክስጅን መለኪያውን በተለየ ስሜት ነው የምጽፈው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረገው ዘዴ ሁለት ብርሃን፣ ቀይና ከቀይ በታች፣ ቆዳ ውስጥ ልኮ አልፎ የሚመጣውን ያነጻጽራል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ኦክስጅናቸው በእርግጥ ወርዶ ሳለ መሣሪያው «ደህና ናቸው» ያላቸው ጥቁር ሕሙማን በድርሻ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሆኑ አሳየ። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ማክስ 30102 በሚባለው ሴንሰር ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው ስሌት 110 ሲቀነስ 25 ጊዜ ሬሾው (የሁለቱ ብርሃን ንጽጽር) ነው፤ ለቆዳችን ቀለም የተረጋገጠ አይደለም። ቢያንስ የብርሃኑን ጅረት ለእያንዳንዱ ሰው አስተካክሉ፦ ከ262,143 ከፍተኛ ንባብ ውስጥ 100,000 እስከ 200,000 መካከል እስኪያርፍ በ0.2 ሚሊ አምፔር እርምጃ ከፍ አድርጉት። ማሰሪያው ሲጠብቅ ደሙን ያግዳል፤ ሲላላ የውጭ ብርሃን ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በ2,300 ሜትር ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ የጤነኛ ነዋሪ ቁጥር ራሱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በጥቂት በመቶ ዝቅ ይላል፤ ለባሕር ጠረፍ የተሠራ ማስጠንቀቂያ እዚህ ያለ ምክንያት ይጮሃል። በተሠራው ዕቃ ላይ ነጠላ ቁጥር ሳይሆን የዚያው ሰው የትናንትና የዛሬ ለውጥ ቢታይ ይሻላል።

ስለ ኃይል ባጭሩ። 150 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ትንሽ ባትሪ፣ ኢኤስፒ 32 የተባለው ቺፕ በዋይፋይ 100 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲበላበት አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚቆየው። ያው ባትሪ አማካይ ፍጆታው 2 ሚሊ አምፔር በሆነ ብሉቱዝ ሦስት ቀን ይሄዳል። በሰከንድ 250 ንባብ፣ እያንዳንዱ 2 ባይት ቢሆን በቀን 43.2 ሜጋ ባይት ነው፤ መጀመሪያ መሣሪያው ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ በጥቅል ይላክ። ቲፒ 4056 የተባለው የቻርጅ ቦርድ ሲገዛ 1 አምፔር እንዲሰጥ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ለትንሿ ባትሪ ይህ እሳት ነው። 1.2 ኪሎ ኦም የሆነችውን ሬዚስተር አንስታችሁ 10 ኪሎ ኦም ተኩ፤ 130 ሚሊ አምፔር ይሆናል።

መሣሪያው ሰው ላይ እያለ ቻርጅ አይደረግ፣ ሶኬት ላይ ከተሰካ ኮምፒውተርም ጋር በሽቦ አይገናኝ። ርካሽ ቻርጀር ውስጥ ያለው መከላከያ ቢከዳ 220 ቮልቱ የሚያገኘው መንገድ እናንተ በጥንቃቄ ያዘጋጃችሁትን፣ ተቃውሞው ዝቅ ያለውን ቆዳ ነው። ዓለም አቀፉ የሕክምና መሣሪያ ደረጃ ሰውነት ላይ ለሚያያዝ ክፍል በተለመደ ሁኔታ የሚፈቅደው 100 ማይክሮ አምፔር፣ በቀጥታ ከልብ ጋር ለሚገናኝ ደግሞ 10 ብቻ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የቻርጅ መሰኪያውን ቆዳን በሚነካው በኩል አድርጉት፤ ለብሶ መሰካት የማይቻል ይሁን። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሕሙማን ላይ የሚውል ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ሰው ላይ የሚደረግ ጥናትም አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይፈልጋል።

መፈተኛው ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ጤነኛ ፈቃደኛ ሰው 5 ደቂቃ ይቀመጥ፣ 5 ደቂቃ ክንዱን ያንሳና ያውርድ፤ ከዚያ ከለገሃር ተነስቶ የቸርችል ጎዳናን ሽቅብ እስከ ፒያሳ ይራመድ፤ በሚኒባስ ይመለስ። ዳገቱ ላብና ፈጣን ምት ያመጣል፤ የታክሲው ንዝረት ደግሞ ከልብ ምልክቱ ጋር ባንድ ድግግሞሽ ውስጥ ይገባል፤ ማጣሪያ አይለየውም። በየደቂቃው ስንት ምት በትክክል እንደተነበበ በእጅ ቁጠሩ፤ አማካዩን ሳይሆን የከፋውን ደቂቃ ጻፉ። የከፋው ደቂቃ ሲመጣ የትኛው አንገት እንደተነቃነቀ ታገኛላችሁ።

ሲያበቃ በኃይል አትንቀሉት። ጠርዙን በውሃ አርሳችሁ ዝቅ ባለ ማዕዘን ወደ ኋላ እያጠፋችሁ በሌላው እጅ ቆዳውን ያዙ። ከዚያ ቦታውን በቀን ብርሃን ተመልከቱ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይታይ ዓይንን ብቻ አትመኑ፤ በእጅ ጀርባ ዳስሱ፣ ሙቀትና እብጠት ካለ፣ ማሳከክም ካለ ሰውየውን ጠይቁ። ፎቶ አንስታችሁ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደግማችሁ አንሱ። ምልክቱ ከ24 ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ማጣበቂያው ይቀየር፤ የተቀሩትን ውጤቶች ከመቀበላችሁ በፊት የማግስቱን ፎቶ ጠብቁ።